በጃኬቴ ኪስ የደበቅኩት ዘይት

ነገሩ የደረሰብኝ ሮቤ ከመናኸሪያው ጀርባ ሞተር ሳይክል እጠግን በነበረበት ጊዜ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስሜ ከማል ቢሆንም የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ነበር የሚለኝ። የተበላሸ ሞተር ሲመጣልኝ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ «ካርቡራተር ነው»፣ «ሰንሰለቱ ነው» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለነበርኩ መፍታት ትቼ ማዳመጥ ብቻ ለመድኩ።

ከሁሉ የምወዳት መልስ ግን አንዲት ነበረች፦ «ሳነቴ ነው።» ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄድ ሰው የሳነቴን አምባ ማቋረጥ አለበት። እዚያ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጤነኛ ሞተር እንኳ ይታፈናል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጨሳል። ከቆላ የመጣ ሁሉ «ሞተሬ አለቀ» ብሎ ወደ እኔ ይሮጣል። እኔም «ምንም አልሆነም፣ ሳነቴ ነው። አገርህ ስትወርድ ይተውሃል» ብዬ እሸኘዋለሁ። እውነትም ይተወዋል። በዚህች መልስ ብዙ ምርቃት አግኝቻለሁ።

የራሴ ሞተር ሳይክል ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራች፣ ባለ አራት ምት ነበረች። ያኔ በእኛ አካባቢ የሚበዙት ባለ ሁለት ምት ነበሩ። እነሱ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅለው ስለሚያቃጥሉ ቢጨሱ አይፈረድባቸውም። ባለ አራት ምት ግን ዘይቷን ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው የምትኖረው። ሰማያዊ ጭስ ከተፋች ዘይቱ መግባት ወደሌለበት ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። ይህን ለደንበኞቼ ጠዋት ማታ የማስተምር ሰው፣ የራሴዋ ጠዋት ስትጨስ «ብርድ ነው» እላለሁ። ከሰዓት ስትጨስ ደግሞ «ሳነቴ ነው»። ሮቤ ሜዳ ላይ ቆሜ!

በሦስት ወር ውስጥ ዘይት የምጨምርበት ጊዜ ከወር ወደ ሳምንት፣ ከሳምንት ወደ ሦስት ቀን አጠረ። ሞተሩን ከአካሏ ማውረድና መፍታት ነበረብኝ። ግን ከፈታኋት ሲሊንደሩን ሻሸመኔ ብረት የሚጠረብበት ቶርኖ ቤት መላክ አለ፤ አንድ ወርም ሁለት ወርም ሊቆይ ይችላል። ያለ ሞተር ደግሞ ደሎ መና መውረድ አልችልም። ደሎ መና ፈትያ አለች። ሮቤ ለትምህርት መጥታ ነው የተዋወቅነው፤ ጨርሳ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ምክንያት እየፈለግኩ እወርድ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ኦቦ ሁሴን ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። «ረቡዕ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ይምጡ። ቀን የማይጠብቅ ሰው ግን አይድከም፤ ሌላም ጠያቂ አለ» ብለው መልስ ላኩ። ሌላ ጠያቂ መኖሩን ፈትያም ነግራኛለች። ስለዚህ ያ ረቡዕ ለእኔ እንደሌሎቹ ረቡዖች አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ሰኞ በአውቶቡስ ወረዱ። ሦስተኛው፣ ቃል የሚያወጡት ዋናው ሽማግሌ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ሐጂ ኡመር ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ሁለቱ አፋቸውን አይከፍቱም። ሰኞ ጠዋት ግን ጎረቤታቸው አረፈና «ጀናዛ ትቶ ወደ ሰርግ ነገር አይኬድም» ብለው ቀሩ። ቀጣዩ አውቶቡስ ሐሙስ ነው። የቀረችው የእኔዋ ሞተር ብቻ ነበረች።

«ታደርሰናለች?» አሉኝ ማክሰኞ ማታ።

«የእኔን ሞተር ነው ሐጂ?» ብዬ ሳቅሁ። ልብ በሉ፤ አዎም አይደለምም አላልኩም።

ልማዱ ጠያቂው ራሱ በልጅቷ ቤት ደጅ እንዲታይ አይፈቅድም። ሐጂን መስጊዱ ጋ አውርጄ ጓደኛዬ ቤት ልደበቅ ነበር ሐሳቤ። ሙሽራው ሽማግሌውን አዝሎ መጣ ከተባለ ደሎ መና ዓመት ሙሉ ይስቅብኛል።

ረቡዕ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተነሳን። ከመውጣቴ በፊት ግማሽ ሊትር የሞተር ዘይት በውሃ ጠርሙስ ቀድቼ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ሸጎጥኩ። ጤነኛ ሞተር ያለው ሰው ዘይት ደብቆ አይጓዝም። ይህን እጄ ያውቅ ነበር፤ አፌ ግን አልተናገረም። ሐጂ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ጆሯቸውን በፎጣ ጠምጥመው ከኋላዬ ተቀመጡና ወገቤን ያዙ።

ጎባ ላይ ሐጂ ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ጊዜ አገኘሁና የዘይት መለኪያዋን አወጣሁ። ዘንጉ ጫፉ ብቻ ነበር የረጠበው። ትናንት ማታ ሞልቻት ነበር። ቶሎ ብዬ ከጠርሙሱ ቀዳሁላትና ከድኜ አፏን በጨርቅ ጠረግኩ። ሐጂ ሲመለሱ ፍሬን የምመረምር መስዬ ቆየኋቸው።

ዳገቱ ከጀመረ በኋላ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ ማርሽ ወረድኩ። አምባው ጫፍ ስንደርስ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች በጉም ውስጥ ቆመው ያዩናል፤ ብርዱ ጓንቴን አልፎ ጣቴን ይበላል። ሞተሯ ታምጣለች። ሐጂ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው «ጋንጎህ ደከመች» አሉ፤ በቅሎህ ማለታቸው ነው።

«ሳነቴ ነው ሐጂ!»

«እውነትህን ነው፤ ሳነቴ ያደክማል። እኔ በዚህ ላይ ስንት ዓመት በቅሎ ነድቻለሁ።» በወጣትነታቸው ከደሎ መና ጎባ የሚመላለሱ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። «ዳገት ላይ ያለከለከች በቅሎ አትሸጥም፤ ዳገት ነው ያለከለካት። ቁልቁለት ላይ ያለከለከችውን ግን ሌላ ሰው ሳያያት ሽጣት።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

አምባው አልቆ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ የሚወረወርበት ቦታ ላይ ደረስን። እዚያ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሯም ትነቃለች። ያን ቀን አልነቃችም። ቤንዚን እየቀነስኩ በማርሽ ይዣት ስወርድ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ዘወር ብዬ አየሁ። ሰማያዊ ጭስ ከጠመዝማዛ እስከ ጠመዝማዛ ተዘርግቶ ይከተለናል።

«ከማል» አሉ ሐጂ።

«አቤት።»

«አሁን ቁልቁለት ነው አይደል?»

«አዎ ሐጂ።»

ወገቤን ጠበቅ አድርገው ያዙ። እኔም ዓይኔን ወደ ፊት መለስኩ።

ሪራ የደረስነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጫካው መሐል ያለች መንደር ናት፤ ከብትና ማር ነው ኑሯቸው። ከዚያ እስከ ደሎ መና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ጊዜ ነበረን። ሐጂ እግራቸው ስለደነዘዘ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ደጅ አቆምኩ። ሻይ ጠጣን። ተነሣሁና የማስነሻ ፔዳሏን ረገጥኩ።

እግሬ ባዶ ነገር እንደረገጠ ዝም ብሎ ወረደ።

ባለ አራት ምት ሞተር ሲረገጥ ይመልሳል፤ ውስጡ የታመቀው አየር እግርን ይገፋል። ኮምፕሬሽን የምንለው እሱን ነው። እኔ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ የምረግጣት ፔዳል በእጄ ብገፋት ወረደች። አሥር ጊዜ ረገጥኩ፤ አልተነሳችም። ላብ አጠመቀኝ።

«ማንኪያ አለሽ እህቴ?» አልኳት ሻይ ሻጯን። የሻይ ማንኪያ ሰጠችኝ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታሁና ከጃኬቴ ኪስ ጠርሙሱን አወጣሁ፤ አሁን መደበቅ ቀርቷል። አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፈሰስኩ፣ ካንዴላውን መልሼ አሰርኩና ረገጥኩ። ፔዳሏ እግሬን መልሳ ገፋችኝ።

ይህን ሙከራ ለስንት ሰው አሳይቻለሁ። ዘይት ሲጨመር ኮምፕሬሽኑ ከተመለሰ ችግሩ ፋሻው ነው፤ ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽጉት ቀለበቶች አልቀዋል። ቫልቭ ቢሆን ዘይቱ ምንም አይለውጥም ነበር። ድጋሚ ስረግጣት ተነሳች። ደጁ በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፤ ሻይ ሻጯ እያሳለች በሯን ዘጋች። ከጭሱ በታች ደግሞ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከታች፣ ከሆዷ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ያ ድምፅ አዲስ አልነበረም። ጆሮ የተባልኩት ሰውዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰምቼዋለሁ።

አጥፍቼ የዘይት መለኪያውን አወጣሁና ጫፉን መዳፌ ላይ ጠረግኩ። ፀሐይ ነበረች። ጥቁሩ ዘይት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር አየሁ። ቶሎ ብዬ እጄን ሱሪዬ ላይ ልጠርግ ስል ሐጂ ከኋላዬ ቆመዋል።

«እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋሁ።

«ይሄ የሚያበራው ምንድን ነው?»

«ብረት ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ከውስጧ ነው ሐጂ። ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ፣ ቢየላ እንለዋለን፣ መጋጠሚያው እየተበላ ነው። ራሷን እየበላች ነው።»

እጄን ይዘው ቆዩ። ከዚያ በአፋን ኦሮሞ፣ እንደ ልጅነቴ፣ «ከማል፣ ዱጋ ነቲ ሂሚ» አሉኝ፤ እውነቱን ንገረኝ ማለታቸው ነው። «መቼ አወቅህ?»

«ከሦስት ወር በፊት።»

«ጠርሙሱስ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ከሮቤ ጀምሮ ወገብህን አቅፌ ነው የመጣሁት። ሲነካኝ ነው የዋለው። ውሃ ነው እንዳልል፣ ከጎባ ስንወጣ ሸተተኝ።»

ጠርሙሱን ኮርቻው ላይ አስቀመጥኩት።

«እሺ። መና ታደርሰናለች?»

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። በየሃያ ደቂቃው ዘይት እያጠጣሁ ልነዳት እችል ነበር። ብትደርስ ዙህር ላይ መስጊዱ ጋ ነን፤ ፈትያ የእኔ ናት። ባትደርስ ግን ክንዱ ቁልቁለት ላይ ይሰበራል፤ ሲሰበር ሞተሩ ባንዴ ይቆማል፣ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። ከኋላዬ የተቀመጡት ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። «አዎ ታደርሳለች» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። በሕይወቴ ለብዙ ሰው ብዬዋለሁ።

«ሂን ቤኩ» አልኳቸው። «አላውቅም ሐጂ። ብቻዬን ብሆን እሞክራት ነበር። እርስዎን አስቀምጬ ግን አልነዳትም።»

«ቀኑስ?»

«ቀኑ ይለፍ።»

ይህን ብዬ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘጋሁ። ሐጂ አቀርቅረው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ሦስት ወር አውቃለሁ ብለህ ዋሸህ። ዛሬ አላውቅም ብለህ እውነት ተናገርክ» ብለው ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ።

ያኔ ሪራ ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። መንገድ መንገድ እያየን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሐጂ እዚያው ሰገዱ። ከዙህር በኋላ አንድ ሸቀጥ የጫነ መኪና ከላይ መጣ። ጋቢናው ሞልቷል፤ ሹፌሩ ሽማግሌውን አይቶ ሰዎቹን አጠጋጋ። ለእኔ ቦታ የለም። ሐጂ ሊወጡ ሲሉ ተመለሱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ጠርሙሱን አምጣው።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አምጣው አልኩህ።»

ሰጠኋቸው። ከጋቢያቸው ስር ከተቱትና ሄዱ።

ያን ቀንና እስከ ማግስቱ ምሳ ሰዓት ሪራ ቆየሁ። ሻይ ሻጯ የወንድሟን ቤት አሳየችኝ፤ ማርና ቂጣ አበሉኝ። ምን እንደበላሁ እንጂ እንዴት እንደጣመኝ አላስታውስም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐጂ ዘግይተው ሲገቡ ኦቦ ሁሴን በሩን ከፍተውላቸው ይሆን?

ሐሙስ ቀትር ላይ ቡና የጫነ መኪና ከታች መጣ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ወረዱ። ሐጂ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። የበቅሎ ነጋዴ ፊት ነው።

«ኦቦ ሁሴን ደጅ የደረስነው አስር ሰዓት ላይ ነው። አልተቆጡም። ለምን ዘገያችሁ ሲሉ ጠርሙሱን ፊታቸው አስቀመጥኩት።»

«ምን አሏቸው?»

«ያለውን ነገር። ልጁ ሞተር ጠጋኝ ነው፣ የራሱን ሞተር ግን ሦስት ወር አስታመመ፣ ዘይት በኪሱ ደብቆ ከኋላው አስቀመጠኝ። ሪራ ላይ ግን እርስዎን ይዤ አልነዳም ብሎ ቀኑን አሳለፈ አልኩ።»

«ሐጂ! መንገድ ተበላሽቶ ነው ቢሏቸውስ?»

«ሰውዬው ሹፌር ናቸው። መንገዱ ደህና እንደሆነ ከእኔና ካንተ ይበልጥ ያውቃሉ። ደግሞ የሰው ልጅ ለትዳር በውሸት አይጠየቅም።»

ኦቦ ሁሴን ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱት አሉኝ። ክዳኑን ከመለሱ በኋላ «እኔም አንድ ጊዜ ድምፅ እየሰማሁ ነድቻለሁ» ብለው ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ውሳኔያቸውን ተናገሩ። ጠርሙሱ እሳቸው ጋ ይቀመጣል። ሞተሯ ትውረድ፣ ትፈታ፣ ትሠራ። ከዚያ ልጁ እርስዎን በዚያችው ኮርቻ አስቀምጦ፣ ሳነቴን አቋርጦ፣ ጠብታ ዘይት ሳይጨምር ያምጣዎት። ሁለት ወር እጠብቃለሁ።

«እና እርስዎ ምን አሉ?»

«እሺ አልኩ።»

«ሳይጠይቁኝ?»

«የምቀመጠው እኔ፤ አንተን ምን ልጠይቅህ?»

ሞተር ሳይክሏን በዚያው መኪና ጭነን ሮቤ ወሰድናትና ሞተሩን አውርጄ ፈታሁት። ከፋሻዎቹ አንዱ ለሦስት ተሰብሯል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ጥፍር በሚይዝ ጭረት ተዥጎርጉሯል። የቢየላውን ታችኛ መጋጠሚያ በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ሳንቀሳቅሰው ያ ድምፅ ባዶ እጄ ላይ ተሰማኝ፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ውስጡ ያለው መያዣ ተሰንጥቆ ሊወድቅ የቀረው ስስ ነገር ነበር። ከሪራ በታች ያሉትን ቁልቁለቶች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። የትኛው ላይ እንደሚሆን አላውቅም፤ መና እንደማንደርስ ግን አወቅሁ። ብረቱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ሲሊንደሩ ሻሸመኔ ሄዶ ተጠረበ፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ ገባላት፣ ቢየላዋ ተለወጠ። ሁለት ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሐጂን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሳነቴ ላይ አለከለከች፤ ዳገት ነዋ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ሐጂ ራሳቸው ዘወር ብለው ከኋላችን ያለውን አዩና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሪራ ላይ ሻይ ሻጯን ሰላም ብለን አለፍን።

ልማዱ ለአንድ ቀን ተሻረና እስከ ኦቦ ሁሴን ደጅ ድረስ ነዳሁ። እሳቸው በር ላይ ቆመዋል። ሰላምታ የሰጡት ለሐጂ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው መለኪያውን አወጡ፣ በነጭ መሐረባቸው ጠረጉ፣ አስገቡ፣ መልሰው አወጡ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነበር። በዚያ አልበቃቸውም። ወደ እኔ መጡና እንደ ፍተሻ ፖሊስ የጃኬቴን ኪሶች አንድ በአንድ ዳበሱ፤ የውጩን፣ የውስጡን። ባዶ ነው። ከበሩ መጋረጃ ኋላ የሆነ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ ሳቁን አወቅሁት።

«ግቡ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ጆሮ የሚለኝ የለም፤ እኔው አስቀረሁት። ዛሬ ሞተር ሳይክል ሲመጣልኝ ዓይኔን አልጨፍንም። ዘይት በስንት ቀን ትጨምራለህ? ሲሞቅ በስንት ርግጫ ይነሳል? ቁልቁለት ላይስ ይጨሳል? እላለሁ። ከዚያ ፔዳሉን በእጄ እገፋለሁ፣ ካንዴላውን ፈትቼ ማንኪያ ዘይት እጨምራለሁ፣ ዘይቱን መዳፌ ላይ አድርጌ ፀሐይ አሳየዋለሁ። ብረት ካየሁ ለባለቤቱ «አውርደው» እለዋለሁ፤ ቢቆጣም ይቆጣ። ብዙዎቹ ይቆጣሉ፤ አንዳንዱ ወደሚያሞግስለት መካኒክ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ እኔም ሦስት ወር ሙሉ ራሴን የሚያሞግስልኝ መካኒክ ነበርኩ።

እናንተም ሞተር ባይኖራችሁ «ሳነቴ ነው» የምትሉት ነገር አይጠፋችሁም። ዳገት ላይ ሳላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ዳገት እውነት ያደክማል። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ግን ዘወር ብላችሁ ከኋላችሁ የሚከተለውን እዩት።

ሐጂ ኡመር ካረፉ ቆይተዋል፤ አላህ ይማራቸው። ፈትያና እኔ ሁለት ልጆች አሉን። ያ ጠርሙስ ከነዘይቱ አሁንም ኦቦ ሁሴን ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለዒድ መና ስንወርድ ልጆቹ ሮጠው አያታቸውን ያቅፋሉ፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ መጀመሪያ የእኔን ኪስ ይዳብሳሉ፤ ከዚያ ነው የሚስሙኝ።